ከሥራው ላይ የሚወጣ ጥያቄ፦ የተግባር ክፍለ ጊዜን በመሪ ጥያቄ ስለማቀድ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የሚያስተምር የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ከወርክሾፑ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ የሚያስተምረው ሙያ ለሰው እንጀራ ሲሆን ያያል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ሐዲዱንና የደብረ ዘይትን መንገድ ተከትሎ ፋብሪካ የበዛበት አካባቢ ነው። ቱቦላሬና ቆርቆሮ የሚያመርተው ቃሊቲ ብረታ ብረት፣ አቃቂ መለዋወጫ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ደግሞ ጋራዡና በርና መስኮት የሚበየድበት ትንንሹ ቤት ይደረደራል። ከእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ስለ አዲስ ተመራቂ የሚሰማው ቅሬታ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ያሳዩትን ይሠራል፤ ሥራው ትንሽ ከተለወጠበት ግን እጁን አጣጥፎ ሰው ይጠብቃል።

ጥፋቱ የሠልጣኙ አይመስለኝም። የክፍለ ጊዜ ዕቅዳችንን ስናዘጋጅ ኦፐሬሽን ሺቱን እንገለብጣለን፦ ማሽኑን አብራ፣ አምፔሩን ሙላ፣ ኤሌክትሮዱን ግጠም፣ በይድ፣ ስላጉን አራግፍ። በተራ ቁጥር የተማረ ሰው በተራ ቁጥር ይሠራል። በቁጥሮቹ መካከል ቆም ብሎ ማየትና መወሰን ያለበት የት ላይ እንደሆነ ዕቅዱ አይነግረውም። መሪ ጥያቄ የሚገባው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለብየዳ አሠልጣኝ የተጻፈ ይምሰል እንጂ ለልብስ ስፌቱም፣ ለአውቶ መካኒኩም፣ ለኤሌክትሪክ ሥራውም ይሆናል።

በመጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ጥያቄ እንደምንፈልግ እንስማማ። «ብየዳ ምንድን ነው?» ወይም «የኤሌክትሮድ ዓይነቶችን ዘርዝሩ» የፈተና ጥያቄ ነው፤ መልሱ ደብተር ላይ አለ። የመሪ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ብረቱ ላይ ነው። ይህን ይመልከቱ፦ «ይህ የበር ፍሬም ከመበየዱ በፊት ቀጥ ያለ ነበር። ከተበየደ በኋላ ለምን ተጣመመ?» አንድ ጥያቄ ነው፤ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተምራል። ሠልጣኙ ይህን ለመመለስ ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ ማወቅ አለበት፤ አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የተበየደው ጎን ሲቀዘቅዝ ተሰብስቦ ፍሬሙን ወደ ራሱ እንደሚስብም ማየት አለበት። ከዚያ በኋላ ማዕዘኑን አስቀድሞ በነጥብ በነጥብ መያዝ ለምን እንዳስፈለገ፣ አራቱን ማዕዘኖች በተርታ ከመበየድ ይልቅ በተቃራኒ እያፈራረቁ መበየድ ምን እንደሚጠቅም ራሱ ይደርስበታል። ዲያጎናል የመለካትም ነገር እዚሁ ይመጣል። 90 ሴንቲ በ2 ሜትር ከ10 የሆነ ፍሬም ሁለቱም ዲያጎናሎቹ 2 ሜትር ከ28 ሴንቲ ተኩል ገደማ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው በአንድ ሴንቲ ከበለጠ ስኳድራው ጠፍቷል፤ በሩም ሲሰቀል አይዘጋም።

አንደኛ፣ ሥራውን ራስዎ ይሥሩትና እጅዎ የቆመበትን ቦታ ይጻፉ

ዕቅዱን ከቲቲኤልኤሙ (ከማሠልጠኛ ሰነዱ) ገጽ አይጀምሩ። የሳምንቱ ሥራ የ1.5 ሚሊ ቱቦላሬ ማዕዘን መበየድ ከሆነ አንድ ጊዜ ራስዎ ይበይዱት፤ ወረቀትና እርሳስም አጠገብዎ ያድርጉ። ቆም ብለው ያዩበትን፣ ያዳመጡበትን፣ ሐሳብ የለወጡበትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ። ልምድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ እጁ ስለለመደ የወሰነው ነገር መኖሩ አይታወቀውም። ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባ አጠገብዎ ቆሞ «አሁን ለምን እንዲህ አደረግህ?» እያለ ይጠይቅዎ። «ዝም ብዬ ነው» ብለው የመለሱበት ቦታ ሁሉ የተደበቀ ውሳኔ ያለበት ነው፤ ምልክት ያድርጉበት።

አንዱን ቀረብ አድርገን እንየው። 2.5 ሚሊ ውፍረት ያለው 6013 ኤሌክትሮድ እንደ አምራቹ ከ60 እስከ 100 አምፔር በሚደርስ ክልል ውስጥ ይሠራል። ኦፐሬሽን ሺቱ «ተስማሚውን አምፔር ሙላ» ብሎ ያልፋል። ተስማሚው የቱ ነው? ለስሱ ቱቦላሬ ወደ ታችኛው ጫፍ መውረድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ብረቱ ይበሳል። የ5 ሚሊ አንጎላሬ ከሆነ ደግሞ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ ብየዳው ላዩ ላይ ተቆልሎ ሥር ሳይዝ ይቀራል። በመገጣጠሚያው መካከል ክፍተት ካለ እንደገና ይለወጣል። በዚያ ላይ ሰፈሩ የኃይል መዋዠቅ ያለበት ከሆነ ማሽኑ ላይ የተሞላው ቁጥርና ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ኃይል ላይገናኙ ይችላሉ። ጥሩ በያጅ ታዲያ በቁጥሩ ብቻ አይመራም፤ በጆሮውና በዐይኑም ይወስናል። ትክክለኛው ቅስት የጋለ ዘይት ላይ እንዳረፈ ሥጋ ሳያቋርጥ ይንጫጫል። አምፔሩ ሲያንስ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ መስመሩም ጠቦ ይቆለላል። ሲበዛ ፍንጥርጣሪው ይበረክታል፣ የመስመሩ ጠርዝና ጠርዝም ይበላል። «አምፔሩ ትክክል መሆኑን የማሽኑን ቁጥር ሳላይ በምን አውቃለሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ይህ አሠራር እኛ የፈጠርነው አይደለም። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካ ሠራተኞች ባካሄደችው፣ ቲ.ደብሊው.አይ. በሚል ምህጻር በሚታወቀው ሥልጠና፣ አሠልጣኙ ከማስተማሩ በፊት ሥራውን በዋና ዋና ደረጃዎችና በቁልፍ ነጥቦች ከፍሎ ይጽፍ ነበር። ሥልጠናው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ካይዘንን ካፋፉት ነገሮች አንዱ ሆነ፤ ዛሬ በሚሠራበት መልክ «ምክንያት» የሚል ሦስተኛ ዓምድም አለው። እኛም ካይዘንን እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በ30 ፋብሪካዎች ሞክረን ኢንስቲትዩት አቋቁመንለታል፤ በኮሌጆቻችንም እናስተምረዋለን። ነገር ግን ካይዘን ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ሠንጠረዥና ዕቃ ከመደርደር አያልፍም። «ለምን?» እያሉ ደጋግሞ መጠየቁ ወደ ዕለት ዕቅዳችን ቢገባ የበለጠ የሚጠቅመን ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ከጻፉት ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ያስቀሩ

ከላይ እንደተባለው ካደረጉ ወረቀትዎ በጥያቄ ይሞላል። ሁሉንም ይዘው ወርክሾፕ አይግቡ። ለሳምንቱ አንድ ትልቅ ጥያቄ፣ ለየክፍለ ጊዜው ደግሞ ወደዚያ የሚያደርስ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይበቃል። የትኛውን ማስቀረት እንዳለብዎ ለመወሰን እያንዳንዱን ጥያቄ በዚህ ይፈትኑት፦ ሠልጣኙ መልሱን ብረቱን አይቶ፣ ለክቶ ወይም ሰብሮ ሊያገኘው ይችላል? መልሱን ሲያውቅስ እጁ ቀጥሎ የሚሠራው ነገር ይለወጣል? ሁለተኛው ይበልጣል። መልሱ ቢታወቅም ባይታወቅም እጁ ያንኑ የሚሠራ ከሆነ ጥያቄው ለንድፈ ሐሳብ ክፍል ይቆይ።

በበሩ ምሳሌ ብንሄድ የሳምንቱ ጥያቄ «ለምን ተጣመመ?» ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን «አምፔሩን በምን አውቃለሁ?» ይላል። ቀጣዩ «የትኛውን ማዕዘን አስቀድሜ ብይዝ ነው ፍሬሙ የማይሳበው?» ነው። ከዚያ «ዲያጎናሉ አልገጠመም፤ የትኛውን ነጥብ ፈትቼ ላስተካክል?» ይመጣል። መጨረሻ ላይ በሩ ተጠናቆ ሲቆም «ይህን በር ለቤቴ በገንዘቤ እገዛዋለሁ?» ይባላል። ይህ የመጨረሻው ሠልጣኞች በጣም የሚከራከሩበት ነው፤ ጊዜ ይስጡት።

ጥያቄውን ሠልጣኙ በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፉት። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወርክሾፑ ውስጥ የሚነገረው ግን አማርኛ ነው፣ ከገላንና ከዱከም በኩል ለሚመጣው ልጅ ደግሞ አፋን ኦሮሞ። በሠሌዳው ላይ በሁለቱም ቋንቋ ቢጻፍ የሚወስደው አንድ ተጨማሪ መስመር ነው።

ከሙያ ደረጃው ጋር ማገናኘቱ አጭር ሥራ ነው። ከ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ ሥልጠናችን የሚለካው ሠልጣኙ መሥራት በሚችለው ነገር ነው፤ የብቃት ምዘናውም ከጽሑፉ ሌላ የተግባር ክፍል አለው። ስለዚህ ከየጥያቄው ጎን የሚመለከተውን የአፈጻጸም መስፈርት ቁጥር ይጻፉ። አንድም መስፈርት የማይነካ ጥያቄ ካለ ይተውት፤ ምንም ጥያቄ ያልደረሰው መስፈርት ካለ ደግሞ አንድ ይፈልጉለት።

ሦስተኛ፣ የማይጠየቀውን ይለዩ

እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። በጥያቄ ማስተማር ጥሩ ነው ብሎ ደኅንነትን ለሠልጣኙ ግኝት የሚተው አሠልጣኝ ሰው ያስጎዳል። ማስክ፣ ጓንት፣ የተላጠ ገመድ፣ እርጥብ ወለል፣ ተቀጣጣይ ነገር አጠገብ መበየድ ትእዛዝ የሚሰጥባቸው ነገሮች ናቸው፤ «እስቲ ምን ይሆናል ብላችሁ ታስባላችሁ?» አይባልባቸውም። ጋልቫናይዝድ ቧንቧንም አይርሱ። ልባሱ ዚንክ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወጣቶቹ ጉንፋን ነው ብለው ያልፉታል። መበየድ ግድ ከሆነ ልባሱ ይነሣ፣ ቦታው አየር የሚገባበት ይሁን፣ መተንፈሻ መከላከያም ይደረግ። ይህን አስቀድመው ይንገሩ፣ ያሳዩ፣ ያስፈጽሙ። «ለምን?» የሚለው ከዚያ በኋላ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ይምጣ።

አራተኛ፣ ተራ ለሚጠብቀው ሠልጣኝ ሥራ ይስጡ

የወርክሾፖቻችን ትልቁ ብክነት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሃያ ሠልጣኝ፣ አራት የሚሠራ ማሽን። አንዱ ሲበይድ አራቱ ቆመው ስልክ ያያሉ ወይም ያወራሉ። ተራው ሲደርሰው አንዷን ኤሌክትሮድ ጨርሶ ይወጣል። በዚህ አካሄድ ሦስት ሰዓት የተባለው ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ በእጅ የሚሠራበት ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

መሪ ጥያቄ በጀት ሳይጠይቅ ይህን ይለውጠዋል። በአንድ ማሽን ዙሪያ ላሉት ለየአንዳንዳቸው የተለየ የጥያቄ ካርድ ይስጡ። አንዱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ድምፁን ብቻ ያዳምጥ፤ ድምፁ የተቆራረጠበትን ቦታ ይያዝና ስላጉ ሲራገፍ እዚያ ላይ ምን እንዳለ ይፈልግ። ሌላው ማስክ አድርጎ ቅስቱን ይይ፤ የቅስቱ ርዝመት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት ጋር ይቀራረባል ወይስ ረዝሟል? ሦስተኛው ማስክ አድርጎ የበያጁን ክርን ይመልከት፤ ተደግፏል ወይስ ተንጠልጥሏል? አራተኛው ካለፈው ተራ የቀዘቀዘውን ናሙና ይዞ የመስመሩን ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካ። በያጁ ሲጨርስ አስቀድመው የሚናገሩት ተመልካቾቹ ናቸው፤ እርስዎ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ተራው የደረሰው ሁለተኛው ልጅ ማስኩን ሲያጠልቅ ከፊቱ የነበረው ምን እንደተሳሳተ አይቶ ነው የሚገባው። ካርዶቹን በየተራው ማዞር አይርሱ፤ ድምፅ የማዳመጡ ሥራ ለአንድ ልጅ ብቻ ከቀረ ሌላው ጆሮውን ሳያሠለጥን ይወጣል።

አምስተኛ፣ ጠይቀው ዝም ይበሉ

ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ምክንያትም ያዘ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ወርክሾፕ ውስጥ ሦስት ሰከንድ እንኳ ያንሳል፤ ሠልጣኙ ናሙናውን አንሥቶ ማገላበጥ አለበትና።

በእኛ አገር ሌላም ነገር አለ። ልጁ የሚያድገው በትልቅ ሰው ፊት ቀድሞ አለመናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ነው። አሠልጣኙ ሲጠይቅ መልሱን ያወቀው እንኳ ቀና ብሎ ፊትዎን ያነብባል። ይህን የሚያቃልል አንድ ዘዴ፣ መልሱን ለእርስዎ ከመናገሩ በፊት ከጓደኛው ጋር እንዲመክርበት ማድረግ ነው። ሌላው፣ በቃል ከመመለስ ይልቅ በጠመኔ ብረቱ ላይ ምልክት እንዲያደርግ መጠየቅ ነው፦ «ጉድለቱ የጀመረበትን ቦታ አክብብ።» አስተያየቱ ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ጓደኛው ስለማይሆን ማንም አይሸማቀቅም። ስሕተት መልስ ሲመጣም «ተሳስተሃል» ከማለትዎ በፊት «በምን እንፈትነው?» ይበሉት። ግራይንደሩና ሞርሳው እዚያው አሉ፤ ናሙናውን ቆርጦ ወይም በመዶሻ አጥፎ ውስጡን ማየት ነው። ሥር ያልያዘ ብየዳ ሲታጠፍ ይለያል፤ ያኔ እርስዎ ምንም መናገር አይኖርብዎትም።

መብራት ሲጠፋ የሚሆን ክፍለ ጊዜም አስቀድመው ያቅዱ። ለዚህ የሚያስፈልገው የተበላሹ ናሙናዎች የተጠራቀሙበት ሣጥን ነው፦ የተበሳ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ስላግ የቀረበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። በየናሙናው ላይ ቁጥር ይጻፉና «ይህን የበየደው ሰው ምን አድርጎ ነበር? አሁን አጠገቡ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ያከፋፍሉ። መልሱን በሌላ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ። የሠልጣኞችን ብልሽት ወደ ውዳቂ ብረት ከመጣል ይልቅ ለዚህ ማቆየት ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ጥያቄውን ወደ ፋብሪካው ይላኩት

በትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅት የሚወጣ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚሄደው የሚፈረምበትና ማኅተም የሚመታበት መዝገብ ነው። ድርጅቱ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ሆኖ ይቆይና መዝገቡን አስፈርሞ ይመለሳል። ከመዝገቡ ጋር ለሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይስጡት። ጥያቄው ለፎርማኑ የሚቀርብ ቃለ መጠይቅ አይሁን፤ ሥራ ያለበት ሰው ያስቸግራል። ይልቁንም ሠልጣኙ እየሠራና እያየ የሚመልሰው ይሁን፦ «በዚህ ቤት አንድ ሥራ ተበላሽቷል የሚባለው ማን ሲያየው ነው? በምን ያውቃል? ከዚያስ ምን ያደርጉታል?» የሚያመጣው መልስ እርስዎንም ያስተምራል። ኮሌጁ ውስጥ በስኳድራ የምናስለካውን አንዱ ቤት በተዘጋጀ ማሰሪያ ላይ አስሮ ሳይለካ እንደሚሠራው ሊነግርዎ ይችላል፤ ያ ለሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ይሆናል።

ሌላ ሙያ ለሚያስተምሩት ደግሞ መነሻ የሚሆን እንካችሁ። ለልብስ ስፌት፦ «ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጨርቁ ግን ለምን ተጨማደደ?» የክሩ ውጥረት፣ የመርፌው ውፍረት፣ የስፌቱ ርዝመት፣ ጨርቁ በእጅ መጎተቱ እያንዳንዱ ለብቻው ተለውጦ ይሞከራል። አራቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ ምክንያቱን አያገኝም፤ ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። ለአውቶ፦ «መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይስባል። የቱን ጎማ አስቀድሜ ልፍታ?» አብዛኛው ሠልጣኝ ግራውን ይላል፤ የቀኙ ፍሬን ሰንፎ ሊሆን እንደሚችል፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ካቻቢቴ ሳያነሣ የጎማዎቹን ነፋስ መለካት እንዳለበት የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ፦ «አምፖሉ አልበራም፤ ምንም ሳልፈታ ምን ያህሉን ምክንያት ማስወገድ እችላለሁ?»

ከክፍለ ጊዜው በኋላ፣ ወርክሾፑ ተጠርጎ ሠልጣኞቹ ሲወጡ፣ ዕቅዱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ጥያቄው የትኛውን ሠልጣኝ አናገረ፣ የት ላይ ሞተ። የሞተ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ውስጡ የተቀመጠ ነው፤ «አምፔሩ ሲበዛ ጠርዙ አይበላም?» ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ «ይበላል» ብሎ ይገላገላል። እንዲህ ያለውን ለሚቀጥለው ዙር ይለውጡት። ዕቅዱንም ለባልደረባ ያካፍሉ፤ በአንድ ዲፓርትመንት ያሉ አሠልጣኞች በየሳምንቱ አንድ አንድ ጥያቄ ቢያዋጡ በዓመቱ መጨረሻ የሚኖራቸው የጥያቄ ክምችት በየትኛውም ቲቲኤልኤም ውስጥ አይገኝም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አይነሡ። ለመጪው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይምረጡ፤ ሥራውን ዛሬ ራስዎ ይሥሩት፤ እጅዎ የቆመበትን አንድ ቦታ ይጻፉና ጥያቄ አድርገው ሠሌዳው ላይ ይስቀሉት። የሠልጣኞቹን መልስ ይዘው ሁለተኛውን ያቅዱ።